አሥራ ሁለተኛዋ ስፒል

ልብስ ሰፊዋ ሥራዋን ስታበቃ ስፒል ትቆጥራለች። አሥራ ሁለት አውጥታ አሥራ ሁለት ካልመለሰች ከስፌት መኪናዋ አትነሳም። የደንበኛ ጎን የሚወጋ ቀሚስ ከእጇ ወጥቶ አያውቅም፤ በዚህ ብትኮራ ማን ይፈርድባታል?

ልጇ አራት ዓመቱ ነው። ሁለት ዓመት እንደሞላው አልበላም ብሎ አፉን ገጠመ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ አንድ ቀን ካርቱን ከፍታ ስልኳን ፊቱ አቆመችለት። አፉ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ዓይኑ ስልኩ ላይ እንደተተከለ፣ ማንኪያ ከንፈሩን ሲነካው ይከፍታል፣ ያላምጣል፣ ይውጣል። እሷም "ልጄ ምግብ አይመርጥም" እያለች ለጎረቤት ታወራለች። መች አይቶት ይመርጣል!

የዚያን ዕለት ረፋድ ላይ ስፒሎቹ አሥራ አንድ ሆኑ። ደግማ ቆጠረች። ቀሚሱን አራገፈች፣ ምንጣፉን በማግኔት ዳበሰች። ቀና ስትል ልጁ ከቁርጥራጭ ጨርቁ መሀል ተቀምጦ፣ ስልኩን እያየ ያላምጣል።

ክው አለች።

"ማሙሽ፣ ምንድን ነው አፍህ ውስጥ ያለው?"

ዓይኑን ከስልኩ አልነቀለም።

ስልኩን ነጠቀችው። ቤቱን በጩኸት አቀለጠው። አፉን በጣቷ ፈተሸች፤ ባዶ ነው። ስፒሏን ውጧታል ማለት ነው።

"ምን ነበር የበላኸው? ይወጋል?"

"ስልኩን ስጪኝ።"

"ይወጋል ወይ ነው የምልህ!"

"አዎ። ስጪኝ።"

"ወይስ አይወጋም?"

"አዎ። ስጪኝ!"

አቅፋው ወደ ታክሲ ሮጠች። ታክሲው ውስጥ ሆዱን መንካት ፈራች፤ መንገዱ ባነጠራቸው ቁጥር ስፒሏ የልጇን አንጀት ስትወጋ ይታያታል። ለሾፌሩ "ቶሎ በልልኝ፣ ወንድሜ" እያለች ትለማመጠዋለች።

ክሊኒኩ ውስጥ ራጅ የምታነሳው ልጅ እግር ባለሙያ ልጁ አልረጋ ስላላት፣ በራሷ ስልክ ካርቱን ከፍታ አሳየችው። ወዲያው ጸጥ አለ። አፉ ተከፈተ፣ ተገጠመና ማላመጥ ጀመረ። ምንም አልጎረሰም። ባዶ አፉን ያላምጣል፣ ይውጣል፣ እንደገና ይከፍታል። እናትየው ይህን ቆማ አየች።

ሐኪሙ ራጁን ወደ መብራቱ አነሳው።

"ምንም የለም፣ እህቴ። ንጹሕ ነው።" ከዚያ ትክ ብሎ አያት። "ይልቅ ደረትሽ ላይ የተሰካው ምንድን ነው?"

ሸሚዟን ዳበሰች። ስፒሏ እዚያው ነበረች። ክር ስታስገባ ከእጇ አውርዳ የሰካቻት ራሷ ናት። ሐኪሙ ሳቀ፣ ባለሙያዋም ሳቀች። እሷ ግን መሳቅ አልቻለችም። ፍርሃቱ ከላይዋ አልወረደም፤ እንዲያውም አሁን ባሰባት። ልጇ ስፒሏን አልዋጠም እንጂ፣ ከንፈሩን ብትነካው ኖሮ አፉን ይከፍትላት ነበር። ይህንን ያስተማረችው ደግሞ ራሷ እንጂ ሌላ ማንም አይደለም።

ምሳ ሰዓት ላይ ስልኩን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። አለቀሰ፣ ሳህኑን ገፋ፣ መሬት ላይ ተንከባለለ። እሷም ቁልፉን ሁለቴ አንስታ ሁለቴ መለሰችው። በመጨረሻ ደክሞት ጉያዋ ገባና፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በየምሳው የጎረሰውን ሩዝ በካሮት አፍጥጦ አየው።

"እማ፣ ይሄ ቀዩ ምንድን ነው?"

"ካሮት ነዋ፣ የኔ ጌታ።"

በጣቱ ነካ አድርጎት እጁን ሰበሰበ።

"በልቼው አውቃለሁ?"