አቤት ያላሉት እትዬ ፈንታነሽ

እኔ ባምላኩ ስም ጠሪ ነኝ። ቢቸና ፍርድ ቤት በር ላይ ቆሜ ባለጉዳይ እጠራለሁ። ሞጣ ሳለሁም ሥራዬ ይኸው ነበር፤ ሲያዛውሩኝ ሌላው ሁሉ ቀርቶ ድምፄን ይዤ መጣሁ። ድምፄ ደግሞ፣ ስለ ራሴ ባወራ ምን አለበት፣ ቤቱ የገባን ሰው ከምሳው ያስነሣል። ሰምቶ የማይመጣ ሰው ታዲያ ያናድደኛል።

እትዬ ፈንታነሽ ያናደዱኝ በመጣሁ በሳምንቱ ነው። ባላቸው ገላው ከሞተ በኋላ ታናሽ ወንድሙ ስጦታው «ቤቱን ወንድሜ በሕይወት ሳለ ሰጥቶኛል፤ ትልቀቅልኝ» ብሎ ከሷቸዋል። ያቺን ቤት ከገላው ጋር ጭቃውን ረግጠው የሠሯት እሳቸው ናቸው። ቤቷ ከሄደች መግቢያ የላቸውም፤ ዘመድ አልቋል፣ ልጅም የለም። ዳኛዋ የመከላከያ መልሳቸውን ጽፈው እንዲያመጡ ቀን ሰጥተዋቸው ነበር።

ቀኑ ደረሰና በሩ ላይ ቆሜ «ተከሳሽ ወይዘሮ ፈንታነሽ!» አልሁ። አቤት የሚል ጠፋ። ደገምሁ፣ ሠለስሁ። ግቢው ውስጥ ካለው ዋንዛ ሥር አንዲት አሮጊት ወረቀት ታቅፈው፣ የነጠላቸውን ጫፍ ጆሯቸው ውስጥ ሲወትፉ አየሁ። እሳቸው መሆናቸውን በምን ልወቅ? ገና እንግዳ ነኝ። ገብቼ «የሉም» አልሁ። ዳኛዋም መልስ የማቅረብ መብታቸው ታልፏል ሲሉ አዘዙ።

ከሰዓት በኋላ አሮጊቷ ወደ እኔ መጡ።

«ቅድም የጠራኸኝ አንተ ነህ?»

«እርስዎ ነዎት እንዴ ፈንታነሽ? ኧረ በእመቤቴ! ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ስጠራ አቤት ቢሉ ምን ነበረበት?»

«የየት አገር ልጅ ነህ?»

«የሞጣ።»

«ገላውም የሞጣ ልጅ ነበር» አሉና ፊቴን ሳይሆን ጉሮሮዬን አዩ። «ይኸ ድምፅ የሱ ነው።»

ልስቅ ብዬ ተውሁት። የባላቸው ተዝካር በወጣ ማግስት፣ በጠራራ ቀትር፣ ከአጥሩ ውጭ የገላው ድምፅ «ፈንታነሽ!» ብሎ ጠራቸው አሉ። ዘንግተው «አቤት» አሉ። ወጥተው ቢያዩ ማንም የለም። በሳምንቱ አንዲት ልጃቸውን ንጋትን ቀበሩ። ከዚያ ወዲህ እሱም መጥራቱን አልተወ፣ እሳቸውም አቤት ብለው አያውቁም። ጎረቤት እንኳ ሲፈልጋቸው የአጥሩን ቆርቆሮ በድንጋይ ያንኳኳል እንጂ በስማቸው አይጠራቸውም።

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ልጄ» አሉኝ። «ለቤት ብዬ ነፍሴን ልስጥ?»

ፍርድ ቤት አቤት የሚባልበት ቦታ ነው፤ አቤት የማይል ሰው እዚህ ምን ይሠራል? እንዲህ ብዬ ልቆጣቸው አሰብሁና ሆዴ እንቢ አለኝ። ጊዜው እንዲራዘምላቸው ማመልከቻ ያስገቡ አልኋቸው። ማመልከቻ ጸሐፊው «ታምሜ ነበር ይበሉ» ቢላቸው «አልታመምሁም፣ በውሸት ላይ አልፈርምም» ብለው እውነቱን እንዳለ አስጻፉት። አለቀላቸው አልሁ በሆዴ። «ሙት ጠርቶኝ ነው» ለሚል ሰው የትኛው ዳኛ ነው በቂ ምክንያት አለው የሚል?

ማመልከቻው የሚሰማ ቀን ስጦታው ራሱ መጣ። ባለፈው የቆመለት ጠበቃው ስለነበር እኔን አይቶኝም ሰምቶኝም አያውቅም። ቧንቧው አጠገብ ከሰዎች ጋር ቆሞ «የወንድሜ ሚስት ተረት ይዛ ችሎት መጣች» እያለ ይስቃል። እትዬ ፈንታነሽ ዋንዛው ሥር ጆሯቸውን ወትፈው ተቀምጠዋል። እጄን ሳነሣ እንዲገቡ ተስማምተናል።

«ከሳሽ ስጦታው!» አልሁ።

ሳቁ ቆመ። ዞረ፤ የሚያየው ግን እኔን አልነበረም፣ ከኋላዬ ነው። ከኋላዬ ደግሞ ግድግዳ ብቻ ነው ያለው። ያ ትልቅ ሰውዬ ፊቱ የሕፃን ፊት ሆነ።

«አቤት ጋሼ!» አለ።

እትዬ ፈንታነሽ ከከንፈሩ አንብበውት ነው መሰለኝ ብድግ ብለው «አትበል! አንተ፣ አትበል!» እያሉ ጮኹ። ከሳሻቸውን እኮ ነው! እኔም ፈራሁ፣ ምን እደብቃለሁ።

ችሎት ገብተን ዳኛዋ «የጊዜውን መራዘም ይቃወማሉ?» ብለው ሲጠይቁት፣ «አልቃወምም፣ ስጧት» አለ። ድምፁ ለራሱም አይሰማ። ዳኛዋ ማመልከቻውን ደግመው አነበቡና፣ ከሳሽ ካልተቃወመ ብለው ጊዜውን አራዘሙላቸው።

በተራዘመው ቀን እትዬ ፈንታነሽ መልሳቸውን ይዘው መጡ። ከሳሽን ብጠራ ጥቁር የለበሰች ሚስቱ ገባች። ስጦታው ከቢቸና በተመለሰ በሳምንቱ ሞጣ ተቀብሯል። «ጋሼ ጠርቶኛል እያለ አለቀ። ያንን ቤት እኔም ልጆቼም አንፈልገውም» ብላ ክሱን አንሥታ ሄደች።

እትዬ ፈንታነሽን በር ላይ አገኘኋቸው፤ ያልሰጡትን መልስ እንደታቀፉ ቆመዋል። መቼም አንድ ነገር ማለት አለብኝና «እሰይ፣ ቤትዎ ተረፈልዎ» አልኋቸው።

«ተረፈ» አሉ። «መሞቱን ግን ሚስቱ ሳትነግረን አውቄያለሁ ልጄ። ከአጥሩ ውጭ የሚጠራኝ አንድ ነበር፤ ከሰሞኑ ሁለት ሆነዋል።»