ትንሽ ሰርግ

ሰርጌ ውስጥ ጉም ነበረ። ሌላው ሰው ስለ ሰርጉ ሲያልም ቬሎ፣ ኬክና አበባ የተለጠፈበት መኪና ያያል ይባላል፤ እኔ ግን ጉም ነበር የማየው። የጥቅምት ማለዳ ነው። ከሰቆጣ ከተማ ወጣ ብሎ ጉብታው ላይ ባለችው ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ አልቋል፣ ቆርበናል፣ ሰባት ሆነን ቁልቁል እንወርዳለን። ከፊቴ የሚሄደው ሰው ከትከሻው በላይ ብቻ ይታየኛል፤ ከዚያ በታች ነጭ ነው። ማንም አይዘፍንም። ከማይታየው ከተማ የባጃጅ ድምፅ እንደ ንብ እየመጣ ይጠፋል። መንገዱ መሀል ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ስንደርስ እንቀመጣለን። እናቴ ከፌስታል ድፎ ዳቦ ታወጣለች፤ የአገራችን ነጭ ማር በጣሳ ይዘናል። እንበላለን። ጉሙ ሲነሣ ሰርጉ አልቋል፤ ሁሉም እጁን ልሶ ወደ ሥራው ይሄዳል።

ሕልሜ ይኸው ነበር። ለብዙ ዓመት፣ የሚያገባኝ ሰው ሳይኖር፣ ጉሙ ብቻውን ነበረ።

ሰውየው ሲመጣ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በዚህ ዕድሜ የምታገባ ሴት ከእኛ ዘንድ ሁለት ነገር ይጠበቅባታል፦ ማመስገንና ዝም ማለት። ሁለቱንም አልችልበትም። ድግስም አልወድም። መጽሐፍ በማንበብ የባከነ ዕድሜ አለኝ፣ ከዚያ ሁሉ ንባብ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር ደራሲ ትልቅ ድግስ ከደገሰ አንድ ሰው ሊሞት መሆኑን ነው። በሕይወትም ብዙ አይለይም። ሁለት ሰዎች ተስማምተው አንድ ቤት ሊገቡ ሲሉ አራት መቶ ሰው ሥጋ የሚበላበትን ምክንያት ያስረዳኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

እጮኛዬ ሆስፒታል ውስጥ ላቦራቶሪ ይሠራል። ቀኑን ሙሉ በማጉያ መነጽር ደቃቅ ነገር ሲያይ የሚውል፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። ስለ ጉሙ ነግሬው ሰባቱን ዘረዘርኩለት፦ እኔ፣ እሱ፣ አባቴ፣ እናቴ፣ እናቱ፣ ሁለት ሚዜዎች።

«ሰባት?» አለ። «እኔ ስድስት ነበር ያልኩት።»

«ማንን ቀንሰህ?»

«ራሴን።»

ይህን ሰው ማግባት እንዳለብኝ ያን ጊዜ እርግጠኛ ሆንኩ።

አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ከጽጽቃ ብዙ በማይርቅ ቀበሌ ዜማ ያስተምራሉ። መስቀል ባለፈ በሁለተኛው ቀን ሄድኩ። የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ላይ ተቀምጠው ጀርባቸውን ፀሐይ ያሞቃሉ። ጉልበታቸውን ስሜ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«አባ፣ በጥቅምት እንጋባ ብለናል።»

«በጥቅምት? በጽጌ ጾም?»

«ጽጌ እኮ የፈቃድ ጾም ነው።»

«እንግዲህ ፈቃዴ ነዋ።»

የመሪጌታ ልጅ ሆኖ ከአባት ጋር በጾም መከራከር ትርፉ ይህ ነው። ወዲያው ሌላ ነገር አሰቡ።

«ደግሞስ በጥቅምት ሰው ሁሉ ማሽላው ላይ ወፍ ይጠብቃል። ማን ሊመጣልሽ ነው?»

«እሱን ብዬ ነው፣ አባ።»

ዞረው አዩኝ። «ሰው እንዳይመጣ ብለሽ?»

«ሰርጉ ትንሽ እንዲሆን ነው። አቅማችንም ትንሽ ነው። የመምህርና የላቦራቶሪ ሠራተኛ ደመወዝ ምን እንደሚገዛ ያውቃሉ።»

«ትንሽ» አሉ አባቴ፣ ቃሉን እንደ ሎሚ እያሸተቱ። «ደግ። ትንሽ ትሁን።»

ወደ ሰቆጣ የተመለስኩት አሸንፌ ነበር። የጭነት መኪናው ጋቢና ውስጥ፣ ሾፌሩና ረዳቱ መሀል ተጣብቄ፣ መንገዱን ሙሉ ጉሜን ሳይ መጣሁ።

ስህተቴን ለመናገር አፍራለሁ፣ ምክንያቱም የማስተምረው አማርኛ ነው። ከእኛ ዘንድ «ትንሽ» የሚለው ቃል መጠን አይገልጽም፤ ጨዋነት ነው። ሦስት ፍየል ያረደ ሰው «ትንሽ ነገር አለችን፣ ቅመሱልን» ይላል። ግማሽ ቀን የሚያስኬድ መንገድ «ትንሽ ናት፣ ከዚያች ጉብታ ጀርባ» ናት። ጎተራው የሞላ ገበሬ «ለዘር ያህል ትንሽ አገኘን» ብሎ አንገቱን ይደፋል። በእውነት ትንሽ ያለው ሰው ምንም አይልም። እኔ ግን ለአባቴ ትንሽ ብዬ ነገርኳቸው፤ እሳቸውም የሰሙትን ለእህት ለወንድሞቻቸው አደረሱ፦ «የልጄ ሰርግ ትንሽ ናት።»

በሳምንቱ እዚሁ አገራችን ዝቋላ ወረዳ ያሉት አክስቴ ደወሉ። የእርሳቸው ስልክ የሚሠራው ከቤታቸው በላይ ያለው አለት ላይ ሲወጡ ነው፤ ስለዚህ ያለከልካሉ።

«ሰርጓ ትንሽ ናት አሉኝ፣ ልጄ።»

«አዎ፣ አክስቴ።»

«ሁለት ፍየል አለኝ። ትበቃለች ወይስ ልጨምር?»

«ምንም አያምጡ። እውነት ትንሽ ናት።»

ከአለቱ ላይ ነፋሱ ይሰማኛል።

«እውነት ትንሽ?» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እንዲያ ከሆነማ ሦስት አመጣለሁ።»

በማግስቱ ተመልሼ ጽጽቃ ወረድኩ። አባቴን ከዚያው ቅጥር ላይ አገኘኋቸው። በዚህ ጊዜ ቃል አላባከንኩም፤ ሰባት ሰው፣ አንድ ድፎ ዳቦ፣ አንድ ጣሳ ማር አልኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ጥምጥማቸውን ፈትተው እንደገና መጠምጠም ጀመሩ። ይህን የሚያደርጉት ሲከፋቸው ነው።

«እኔ በስንት ሰው ዳስ ባርኬ በልቻለሁ» አሉ። «አርባ ዓመት ሙሉ የፊተኛው መቀመጫ የእኔ ነበር። የእኔ ልጅ ስትዳር ሰዉን ‹ወፍህን ጠብቅ› ልበለው?»

«በስብከትዎ እኮ ድግስ የሥጋ ነው ይሉ ነበር።»

«እሱን የምለው ከበላሁ በኋላ ነው።»

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

«ስሚ» አሉ። «እነዚህን ዓመታት ሰው የተሰበሰበው ለለቅሶ ብቻ ነው። ድንኳን ያየ ሁሉ ‹ማን ሞተ?› ነው የሚል። አንድ ቀን ‹ማን አገባ?› ይበል ብዬ ነበር። ይኸው ነው።»

መልስ ያጣ ሰው የሚይዘውን ያዝኩ፤ ድህነቴን። ገንዘብ የለንም፣ ብድርም አንገባም፣ የሌለ ነገር አይደገስም አልኩ። ሰው ሁሉ ድሃ መሆኑን ይረግማል፤ እኔ ያን ቀን አመስግኜዋለሁ። አባቴ ጥምጥማቸው አልቆ ነበር፣ እንደገና ፈቱት።

ታናሽ እህቴ ዓረብ አገር የሰው ቤት ትሠራለች። ከሄደች ስምንት ዓመት ሆኗታል። አሠሪዎቿ አርብ ለዘመድ ጥየቃ ሲወጡ ትደውላለች፤ ስልኩን ባልዲ አጠገብ አስቀምጣ ሥራዋን እየሠራች ታወራለች። ያን አርብ ሰላም እንኳን ሳትለኝ ጀመረች።

«እታለም፣ ልኬዋለሁ።»

«ምኑን?»

«የዳሱን። አባ ነገሩኝ፣ ገንዘብ ከልክሏት ነው አሉኝ። ከዚህ በኋላ እንዳታስቢ።»

ጋሻዬ ሲወድቅ ተሰማኝ። ብዙ ሰው ሕልሙን ገንዘብ አጥቶ ይተዋል፤ የእኔን ሕልም የበላው ገንዘብ መምጣቱ ነበር። ቢሆንም አልተሸነፍኩም። ስለ ጉሙ ነገርኳት፣ ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ማሩ። በእኔ ቤት ልቧን እየነካሁ ነበር።

«ደስ ይላል» አለች። «ሰባታችሁ እነማን ናችሁ?»

«እኔ፣ እሱ፣ አባ፣ እማ፣ እናቱ፣ ሁለት ሚዜ።»

የመጥረጊያው ድምፅ ቆመ።

«ሞላ?»

«ሞላ።»

«እኔስ?»

«አንቺማ እዚያ ነሽ።»

«አዎ» አለች። «እዚህ ነኝ።»

ለዓመታት ያየሁት ሕልም ነው። እያንዳንዱን ጠጠር አውቀዋለሁ። ዳቦው የሚወጣበት ፌስታል ቀለሙ ሳይቀር ይታየኝ ነበር። አንድም ቀን ግን እህቴ ጉሙ ውስጥ አልነበረችም። ሆን ብዬ አላስቀረኋትም፤ የባሰው ይህ ነው።

«ወለሉን ስወለውል ምን እንደማስብ ታውቂያለሽ?» አለች። ድምፅዋ ቅሬታ አልነበረበትም። «ሳሎኑ ሰፊ ነው። ዳስ አደርገዋለሁ። መስኮቱ ጋ ካህናቱን አስቀምጣለሁ። በሩ ጋ አክስቴንና የዝቋላ ሰዎችን፣ እነሱ መጨፈሪያ ይፈልጋሉ። ምንጣፉ ላይ ሙሽራዋን።»

«ሙሽራዋ ማን ናት?»

«መጀመሪያ እኔ ነበርኩ» አለች። «ኋላ ዓመቱ ሲሄድ አንቺን አስቀመጥኩሽ። በይ ልሥራበት፣ ሊመጡ ነው።»

ያን ቀን ማታ ለአባቴ ደወልኩ።

«አባ፣ ዳሱ ይጣል። በጥር።»

«ትንሽ?»

«ትንሽ» አልኩ። ቃሉን ሁለታችንም በአንድ ዓይነት አማርኛ ስንናገረው የመጀመሪያችን ነበር።

እጮኛዬ ነገሩን ሰምቶ ጣቶቹን ቆጠረ። «ስድስት ይቅርና ሰባትም አንሆንም ማለት ነው» አለ። አንሆንም አልኩት። «እንግዲያው ሱፍ ልፈልግ» ብሎ ተነሣ።

የጥር ሰማይ እንኳን ጉም የደመና ቁራጭ አያውቅም። ሥርዓቱ የተፈጸመው በአባቴ ደብር ነው፤ የሰቆጣዋ ጉብታ ቀርታለች። ዳሱ በባሕር ዛፍ ግንድ ቆሞ በእርዳታ ሸራ ተሸፍኗል፤ ከዚህ ጫፍ ሆኜ ያኛውን ጫፍ በደንብ አላየውም። የዝቋላ ሰዎች ሁለት ቀን በእግራቸው መጥተዋል። አክስቴ ከሦስቱ ፍየል ሌላ አራተኛ ይዘዋል፤ «ይቺ የመንገድ ናት» አሉ። ኦርጋን የሚጫወተው ሰው ከወልድያ መጥቶ ነበር፣ ድምፅ ማጉያውን በጄነሬተር አስነሥቶ የግቢውን ውሻ ሁሉ አባረረ። አባቴ ከፊተኛው መቀመጫ ተነሥተው በገዛ ዳሳቸው ባረኩ። ድግስ የሥጋ ስለመሆኑ ምንም አላሉም፣ ገና አልበሉማ።

እህቴ በቪዲዮ እንድታይ ስልኬን ለአክስቴ ሰጥቼ «በዳሱ ውስጥ እያዞሩ ያሳዩአት» አልኳቸው። አክስቴ አደራውን አልበሉም። ስልኩን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ነጠላቸውን ደረቡበትና ዳሱን ከዳር እስከ ዳር ዞሩ። በየደረሱበት «ሃሎ፣ ይኸው ካህናቱ ጋ ነኝ። ሃሎ፣ ይኸው ጠጁ ጋ ነኝ» ይላሉ። እኔ በላስቲክ በተሸፈነ ሶፋ ላይ እንደ ዕቃ ተቀምጬ ከሩቅ አያቸዋለሁ። ተነሥቶ መሄድ ለሙሽራ ነውር ነው።

ከዚያ የዝቋላ ሰዎች ጭፈራ ጀመሩ። መሬቱ ደረቅ ነው። አቧራው መጀመሪያ ከቁርጭምጭሚታቸው፣ ቀጥሎ ከጉልበታቸው፣ ኋላም ከወገባቸው በላይ ወጣ፤ በሸራው ቀዳዳ የሚገባው ፀሐይ ሲያገኘው ነጭ ሆነ። ከፊቴ ያሉት ሰዎች ከትከሻቸው በላይ ብቻ ይታዩኛል። ድምፅ ማጉያው ከመጮኹ ብዛት የራቀ መሰለኝ፣ እንደ ንብ። በዚያ ነጭ ነገር ውስጥ ሰዉ ሁሉ ቀስ ብሎ ቁልቁል የሚወርድ ይመስላል። ልቆጥራቸው ሞከርኩ፤ ሰባት ላይ ስደርስ አንዱ ይዞራል፣ ይጠፋብኛል፣ እንደገና እጀምራለሁ። አክስቴ ጆሯቸውን ይዘው መሀላቸው ያልፋሉ። ባሌ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ጉም ነው» አለ።

እህቴ በማግስቱ ደወለች።

«የአክስቴን ጆሮ አየሁት» አለች። «እስኪቋረጥ ድረስ ሌላ ነገር አላየሁም። ጉትቻዋን ብታጠፋው ፈልጌ አገኝላታለሁ።»

«ዳሱን ምንም አላየሽም?»

«ምንም። ሰማሁት እንጂ።» ባልዲዋን ስትገፋ መሬቱን ሲፍቅ ይሰማኛል። «እውነቱን ንገሪኝ፣ እንዴት ነበር?»

ስለ ዳሱ ርዝመት፣ ስለ ፍየሎቹ፣ ስለ አቧራው ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። ተውኩት።

«ትንሽ ነበር» አልኳት።

ባልዲው ቆመ።

«እውነት ትንሽ?»

«እውነት ትንሽ።»

ከወዲያ ማዶ፣ በዚያ ሰፊ ሳሎን ውስጥ፣ እህቴ ስትስቅ ሰማኋት። ባዶ ክፍል ነው፣ ሳቋ ይመለሳል፤ ብዙ ሰው ያለ ይመስል ነበር።