በካልሲ የተመረጠ ወለል

ላስ ቬጋስ ውስጥ የበረዶ ውሃ አንሸራቶት የወደቀ ሰው አለ ብል የሚያምነኝ ጥቂት ነው። እኛ ቤት ግን በረዶው ከአባቴ ጋር ይመጣል። አባቴ ከከተማው ወጣ ብሎ ማውንት ቻርልስተን በሚባለው ተራራ ላይ ባለ ማረፊያ ቤት የጥገና ሠራተኛ ነው። በብርዱ ወራት ሺፍቱን ጨርሶ ሎን ማውንቴን ሰፈር ወዳለው ቤታችን ሲወርድ፣ የመኪናው ጎማዎች ዙሪያ የተጋገረው በረዶ አብሮት ይወርዳል። ጋራዥ ውስጥ ቀስ እያለ ይቀልጥና ለስላሳው ሲሚንቶ ላይ ይተኛል። አምና እናቴ የታጠበ ልብስ ልታወጣ ከኩሽና ወደ ጋራዡ ስትወርድ እዚያ ውሃ ላይ ወደቀች። ዳሌዋ ተሰበረ።

ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለፈ፤ ከዘራ ይዛ መራመድም ጀመረች። ጋራዡን ግን ብቻዋን መሻገር ተወች። ከመኪና ወርዳ እስከ ኩሽናው በር ያለችውን አጭር መንገድ ክንዴን ጨብጣ፣ ዓይኗን ወለሉ ላይ ተክላ ነበር የምትሄደው። ሆስፒታል ውስጥ ለዓመታት ወለል ስትወለውል የኖረች ሴት ወለል ስትፈራ ማየት ከበደኝ።

አባቴ መኪናውን ውጪ አቆማለሁ አለ።

«ሥራ ውሎ የመጣ ሰው ደጅ አይቀርም፤ መኪናውም እንደዚያው» አለችው።

«እኔን ካስገባሽኝ ይበቃኛል።»

«አንተንማ እያሰብኩበት ነው። ወለሉ ይቀየር።»

ምርጫው ለእኔ ተሰጠ። ሰው ፊት መናገር ይከብደኛል፤ ማንበብ ግን እችላለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ኢንተርኔት ላይ የገዢዎችን አስተያየት ሳነብ ከረምኩ። እንደ ቀለም ተቀብቶ የሚደርቀውን ኢፖክሲ፣ ውሃ ወደ ሥር የሚያሳልፈውን ባለ ቀዳዳ የፕላስቲክ ንጣፍ፣ ዙሪያው ከፍ ያለውን የጎማ ምንጣፍ በሠንጠረዥ አወዳድሬ፣ የሚያብረቀርቀውን ኢፖክሲ መረጥኩ። ሠንጠረዡን ለእናቴ ሳሳያት መነጽሯን አድርጋ እስከ መጨረሻው አየችው።

«እነዚህ አያንሸራትትም ያሉት ሰዎች በምን ረግጠውት ነው?»

«በጫማ ነዋ፣ እማዬ።»

«እኛ ቤት በጫማ የሚገባው ማነው?»

እኛ የምንገባው በጋራዡ ነው፤ ጫማችንን እዚያው መደርደሪያው ላይ አውልቀን እስከ ኩሽናው በካልሲ እንሄዳለን። ሐሙስ ለጸሎት የሚመጡት የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎችም እንደዚያው ናቸው። ያን ሁሉ ስጽፍ እግሬ ላይ የነበረው ካልሲ አንዴም ትዝ አላለኝም።

ቅዳሜ ወደ ወለል ዕቃ መሸጫ ሱቅ ሄድን። እናቴ ከቦርሳዋ ፔርሙስ አወጣች፤ ውስጡ ውሃ ከነበረዶው ነበር። ናሙናዎቹን መሬት ላይ አስደረደረችኝና ውሃውን በየተራ አፈሰሰችባቸው።

«ጫማሽን አውልቂ።»

«እማዬ፣ ሰው እያየ?»

«እኔ ስወድቅ ማንም አላየኝም። አንቺ ስትቆሚ ቢያዩሽ ምን አለ?»

አወለቅኩ። ጆሮዬ ጋለ፤ ካልሲዬ የበረዶውን ውሃ ጠጣ። እኔ የመረጥኩት ኢፖክሲ ላይ ገና ክብደቴን ሳሳርፍ እግሬ ከዳኝ፤ ክንዴን ለቀም አድርጋ ያዘችኝ። ባለ ቀዳዳው አላንሸራተተኝም፤ የእሷ ከዘራ ጫፍ ግን ቀዳዳው ውስጥ ገባ። «ደግሞ ከሥሩ የተኛውን ውሃ ማን ይወለውለዋል? የማይታይ ውሃ ነው የሚሸተው» አለች። የጎማውን ምንጣፍ ጠርዝ በከዘራዋ መታ መታ አድርጋ አለፈችው፤ ጠርዙን ሳያይ የሚደናቀፍ እንግዳ ወዲያው ታይቷት ነበር። የቀሩት አሸዋ የተቀላቀለባቸው ሁለት የኢፖክሲ ናሙናዎች ነበሩ። ጎንበስ ብላ በመዳፏ ዳሰሰቻቸው። ሸካራውን «ይሄ መወልወያ ይበላል» ብላ ገፋችው። ለዘብ ያለው ላይ ቆምኩ። ወዘወዘችኝ። አልተነቃነቅኩም።

ሻጩ፣ ግዙፍ ሰውዬ፣ ሲያየን ቆይቶ አንድ ጫማውን አወለቀና እሱም ቆመበት። አውራ ጣቱ በካልሲው ቀዳዳ ብቅ ብሏል።

«መጀመሪያ ያቺን ቀዳዳ ይስፋት» አለች እናቴ በአማርኛ።

«ምን አሉ?» አለኝ።

«ጥሩ ወለል ነው አለች» አልኩት። መዋሸት አይሆንልኝም፤ ያን ቀን ግን ሆነልኝ። ሰውዬው እናትሽ መሐንዲስ ናቸው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ስተረጉምላት ሳቀች። «ወለል እንደምወለውል ንገሪው።» ነገርኩት። ያንን ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ እንደዚያ ቀና ብዬ ተናግሬው አላውቅም።

ቀቢዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ባልዲ ሙሉ ውሃ ሲሚንቶው ላይ አስደፋችን። «ውሃው የት እንደሚሄድ ሳናውቅ አይቀባም።» ሦስታችንም ቆመን ጠበቅን። ውሃው ወደ ትልቁ በር መፍሰሱን ትቶ ከልብስ ማጠቢያው ፊት ተጠራቀመ፤ በትክክል የወደቀችበት ቦታ ላይ። አባቴ አንገቱን ደፋ። እሷ ግን ጠመኔ ተቀብላኝ ጉድጓዱን በእርጋታ ከበበችው። ቀቢዎቹ መጀመሪያ እሱን ሞልተው አስተካከሉ፤ ከዚያ ቀቡት።

የዘንድሮው የመጀመሪያ በረዶ የጣለ ቀን አባቴ ገና ሳይመሽ ገባ። ጎማዎቹ ነጭ ነበሩ። እናቴ የቆሸሸ ልብስ በጉያዋ ይዛ ኩሽናው በር ላይ ቆመች፤ በረዶው መቅለጥ እስኪጀምር ጠበቀች። ውሃው ቀጭን መስመር ሠርቶ ወደ ትልቁ በር ሄደ። ክንዴን ዘረጋሁላት። ከዘራዋን ሰጠችኝ።

በካልሲዋ ወረደች። መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ ከዚያ እንደ ድሮዋ፣ ዓይኗን ከወለሉ አንስታ ሄደች። አባቴ የመኪናውን በር ከፍቶ ሳይወርድ ቀረ። ጠመኔው የነበረበት ቦታ ላይ ቆማ የማጠቢያውን ክዳን ከፈተችና ዞር አለች።

«ምን አፍጥጣችሁ ታዩኛላችሁ? የሚታጠብ ያለው ያምጣ።»