ለማደጊያ የሚተው ሁለት ጣት

የልጄን ሹራብ አጥቤ ሳሰጣ የእርጥብ ሱፍ ሽታ ይመጣና፣ ደብረ ብርሃን የነበረው የልጅነት ግቢያችን ከነብርዱ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል።

ክረምት ሲገባ መዘዞ የምትኖረው አክስቴ የበግ ፀጉር ትልክልን ነበር። እናቴ ፀጉሩን አጥባ፣ አፍታትታ፣ በእንዝርት ፈትላ፣ አባቴ ከተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ ሞርዶ በሠራላት መርፌዎች ሹራብ ትሠራልን ነበር። ሜትር ስላልነበራት እጃችንን ዘርግተን እንቆምላትና ጀርባችንንም ክንዳችንንም በስንዝር ለክታ፣ «ይሄ ለማደጊያሽ» እያለች ሁለት ጣት ትጨምርበት ነበር። ትርፉን እጅጌ አጥፈን እንለብሰውና ስናድግ እጥፉን እንፈታው ነበር።

መስከረም ሲጠባ ሹራቦቹ በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ታጥበው፣ ሳይጨመቁ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይሰጡ ነበር። ለምን በቀዝቃዛ እንደሆነ እሷም አልነገረችኝ፣ እኔም አልጠየቅኋት።

ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ፣ በጥቅምት፣ እናቴ ለለቅሶ እነዋሪ ሄደች። ታናሽ እህቴ ትርንጎ ያን ሰሞን ታስል ነበር፤ ባላት አንድ ሹራብ ላይ ወጥ ደፍታበት ላጥብላት ተነሣሁ። ጠዋት ነበርና ባልዲው ውስጥ እጄን ብነክር ውሃው እንደ እሳት ፈጀኝ። ይህ ሁሉ ቅዝቃዜ ሱፉ ውስጥ ቀርቶ ደረቷን ቢመታትስ ብዬ ፈራሁና ውሃ አፍልቼ ዘፈዘፍኩት። ሳወጣው ጠጥሮና ተኮማትሮ ለአሻንጉሊት የተሠራ መስሏል።

አባቴ አየውና «ጨው ጣል ብታደርጊበት ምሳ ይሆነን ነበር» አለኝ። እኔ ግን አልሳቅሁም። የኅዳር ውርጭ እየመጣ ነው፣ ከአክስቴ የሚመጣ ፀጉር ደግሞ እስከ መጪው ክረምት የለም።

እናቴ እንደተመለሰች ሹራቡን አገላብጣ፣ ጫፉን ፈልጋ ልትተረትረው ብትሞክር፣ ክሩ እርስ በርሱ ተጣብቆ እምቢ አለ።

«ቀቀልሽው እንዴ?»

«እንዳይበርዳት ብዬ ነው፣ እማዬ።»

እናቴ የለበሰችውን የራሷን ሹራብ አውልቃ ከታች ትተረትረው ጀመር።

«አንቺስ?» አልኳት።

«እኔማ ያንቺን ቅቅል እለብሳለሁ፤ እንዲህ ከጠጠረ ነፋስም አያልፈው። ይልቅ ነይ ክሩን ጠቅልይ፣ አንደኛውን እጅጌ አንቺ ነሽ የምትሠሪው።»

እውነትም የተኮማተረውን ሹራብ በጎኑ ቀዳ ከቀሚሷ ውስጥ በጀርባዋ በኩል ሰፋችው። እኔ የሠራሁት እጅጌ፣ እንዳይፈታ ፈርቼ ክሩን ስላጠበቅሁት፣ እናቴ ከሠራችው ጠበብ አለ። ትርንጎ ግን «የእህቴ እጅጌ ጭብጥ አድርጎ ነው የሚይዘኝ» እያለች ለጎረቤት ሁሉ ታሳይ ነበር። ኅዳርን በእሱ ተሻገረች፣ ሳሉም ለቀቃት።

ለልጄ የምገዛላት የፋብሪካ ሹራብ ቀላልም ያማረም ነው። «ለብ ባለ ውሃ ይታጠባል እኮ፣ እማ» እያለች ከአንገቱ ውስጥ የተሰፋውን ምልክት ታሳየኛለች፤ እኔ ግን አላምነውም፣ በቀዝቃዛ ነው የማጥበው። ለማደጊያ የሚሆን ትርፍም የለውም፤ አምና የገዛሁላት ዘንድሮ ከእጅ አንጓዋ በላይ ቀረ። እናም በዚህ ክረምት የእናቴን መርፌዎች ከሣጥን አውጥቼ፣ ልጄን እጇን አስዘርግቼ አቆምኋትና በስንዝር ለካኋት። እናቴ ሁለት ጣት ትጨምር ነበር፤ እኔ ሦስት ጨመርሁ።