የተገለበጠው ጃኬት

የያዙኝ ቀፊራ ገበያ፣ ሱቄ ውስጥ፣ የአንድ ፈረንጅ ካፖርት እየተረተርኩ ሳለ ነው። ሥራዬ ይኼ ነበር፤ ከጅቡቲ በባቡር የሚገባውን ሰልባጅ አፍርሼ ለድሬ ጎረምሶች በልካቸው እንደገና መስፋት። ድንኳን የሚያህል ካፖርት ከእጄ ሲወጣ ወገቡ ልክክ ያለ ጃኬት ይሆን ነበር። አንዱ ደንበኛዬ የተከለከለ ወረቀት ይዞ ተገኘ። ወረቀቱን የደበቀበትን የውስጥ ኪስ የሰፋሁለት እኔ ነበርኩ። ኪስ መስፋት ወንጀል መሆኑን ያን ቀን ተማርኩ።

ያስገቡኝ በርበሬ ይከማችበት የነበረ መጋዘን ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ አየሩ እሳት፤ ሰው ሁሉ ያስላል። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ሰው ሳይሆን ጃኬት ነው። ግራጫ፣ ባለ ካሬ፣ የገዛ እጄ ሥራ። የለበሰው ያው ደንበኛዬ፣ የባቡር ጋራዥ ሠራተኛው ነበር።

«ኪሱ ጉድ ሠራን አይደል?» አለኝና ሳቀ። ልናገረው የነበረውን ስድብ ሁሉ ረሳሁት።

እናቱን አውቃታለሁ። ቀፊራ ሰልባጅ ትሸጣለች፤ ጃኬቱ የወጣበትን ካፖርትም ያመጣችው እሷ ነበረች። አርብ አርብ በር ላይ ምግብ ታቀብለዋለች። ዘበኛው ስሙን ከነአባቱ ይጠራል፣ እሱ «አቤት!» ይላል፣ ሳህኑ ይገባል።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ጠሩት። «ዕቃህን ተወው» አሉት። ዕቃ ተው የተባለ ሰው ተመልሶ አያውቅም። ጃኬቱን አውልቆ አጠገቡ ለተቀመጠው፣ ከቢዮ አዋሌ ተይዞ ለመጣው ነጋዴ ሰጠው፤ ነጋዴው ሲገርፉት ሸሚዙ ጀርባው ላይ አልቆ ነበር። ከዚያ ወጣ።

ሐሙስ ጠዋት ነጋዴውን «ነገ ትፈታለህ» አሉት። ደስ ሊለው ሲገባ ጃኬቱን አቅፎ ቀረ።

«አቦ እኔ ይህን አልለብስም» አለ። «ነገ አርብ ነው፣ እናትየው በር ላይ ናት። ወላሂ ምን ልላት ነው? ራቁት ጀርባዬን ይዤም ልጆቼ ፊት አልገባም።»

«ትወቅ እንጂ!» አለ አንዱ። «እርሟን ታውጣ!»

«የት ነው የምታወጣው?» አሉ ጡረተኛው የባቡር ነጂ፣ የክፍላችን ሽማግሌ። «ለተረሸነ ማልቀስ ክልክል ነው። ጃኬቱን በሰው ጀርባ ላይ ካየች እዚያው ትጮኻለች፤ ከጮኸች እሷንም ይጨምሯታል።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ ሰፊ አይደለህ? እንዳይታወቅ አድርገው።»

መርፌ ነበረኝ። እኛ ሰፊዎች መርፌ ከሸሚዛችን ኮሌታ ሥር መሰካት ልማዳችን ነው፤ ፈታሾቹ አላገኙትም። በጥርሴና በቆርቆሮ ስባሪ ተረተርኩት፤ ክሩን ከራሱ ስፌት እየመዘዝኩ አጠራቀምኩ። እጅጌውን ነቀልኩ፣ ኮሌታውን አነሳሁ፣ ገበሩን አወጣሁ። ጨርቁን ገልብጬ ያልደበዘዘውን የውስጥ ፊቱን ወደ ውጭ አደረግሁና ሰደርያ አድርጌ ሰፋሁት። የብብቱ ላብ ገና አልለቀቀም ነበር። ልጁን እኔም በተራዬ የማጠፋው መሰለኝ፤ ሁለት ጊዜ አቁሜ አለቀስኩ።

አርብ ነጋዴው ሰደርያውን ለብሶ ወጣ። በበሩ የሚስማር ቀዳዳ አየሁ። እናትየዋ በፎጣ የተቋጠረ ሳህኗን ይዛ ቆማለች። አጠገቧ ሲደርስ አየችው፤ ትንሽ ቆይታ ወደ ዘበኛው ዞረችና የልጇን ስም ከነአባቱ ተናገረች።

«አላወቀችም» አልኩ። ክፍሉ በሙሉ ተነፈሰ።

ወዲያው ዘበኛው ስሙን ጠራ። የምግብ ተረኛ ዘበኛ ውስጥ ማን እንዳለ ማን እንደሌለ ግድ የለውም። ደግሞ ጠራ። ሽማግሌው በክርናቸው ጎሰም አደረጉኝ።

«አቤት!» አልኩ።

ሳህኑ ገባ። ከዚያ በኋላ እኔ እስክፈታ ድረስ አንድም አርብ አልቀረም። በሟች ስም እየተጠራሁ በላሁ።

እንደተፈታሁ ቀፊራ ሄድኩ። እናቱ የሰልባጅ ክምሯ ላይ ተቀምጣ ልብስ ትለያለች።

«ሰደርያውን አሳምረህ ሰፍተኸዋል» አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

እሷ ሸሚዝ አንስታ ገለበጠች፣ ውስጡን ዳበሰች፣ ወደ ጎን አስቀመጠች። ሌላ አነሳች፤ እሱንም ገለበጠች። ሰልባጅ ነጋዴ ላዩን አያምንም፤ ፀሐይና እጥበት የበላው ነው። የሚያየው ውስጡን ነው። ስንት ዓመት ከእሷ ስገዛ ይህን ሳይ ኖሬ፣ ከሁሉ አብልጣ የምታውቀውን ፊት አውጥቼ አሳየኋት።

«ታዲያ ምግቡን ለምን ታመጪ ነበር፣ እማማ?»

«ጥቁር ብለብስ ቀበሌ ያያል። ብጮኽ ጎረቤት ይሰማል» አለች። «እዚያ በር ላይ ግን ስሙን ከነአባቱ እጠራለሁ፤ ዘበኛውም ተቀብሎ ይጠራል። ሌላ ልቅሶ አልነበረኝም።» ከዚያ እጇ ቆመ። «ከውስጥ አቤት የሚል ነበረ። ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ድምፅህ የእሱን አይመስልም» አለች። «ግን እቤቴ እስክደርስ ይበቃኝ ነበር።»

አሁን አርጅቻለሁ፤ እሷም ካረፈች ቆየች። ቀብሯ ላይ ከቀሩት ልጆቿ ጋር ቁም ብለው አቆሙኝ፤ እምቢ አላልኩም።