መስታወቱ ላይ የተጫነው ቆጮ

ባለፈው ዓመት ሆሳዕና ከተማ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ፣ የቀድሞው አለቃዬ ለወጣቶች «ለዚህ አገር ሶላር መጀመሪያ ያስገባሁት እኔ ነኝ» ሲል ሰማሁት። ለቅሶ ቤት ነውና ዝም አልኩ። እዚህ ግን ዝም አልልም።

በደርግ ጊዜ እኔ ነርስ፣ እሱ የክትባት ቡድናችን ኃላፊ ነበር። ሁለት አልጋና ትንሽ ፍሪጅ ያላት መኪና በእርዳታ መጣችልን፤ ገጠር እያደርን ሕፃናት የምንከትብባት። ለፍሪጁ የሚሆኑት ሁለት ጥቁር መስታወቶች ለብቻ በሣጥን መጡ። ከፀሐይ ኤሌክትሪክ ያወጣሉ ተባልን።

ጣሪያው ላይ የገጠማቸው የሌሞ ሰው የሆነ መካኒክ ነው። ጣሪያውን በስቶ በብሎን አሰራቸው፤ ውሃ እንዳይገባ ከአሮጌ ካላማዳሪ ጎማ ቆርጦ ከሥራቸው አነጠፈ። መሰላሉን የያዝኩለት እኔ ነኝ። አለቃችን ወጥቶ አየና፣

«ፖርቶመጋላውስ? ዕቃ በምን ሊጫን ነው?» አለ።

«የዕቃ መጫኛው ብረት ከላያቸው ከመጣ ያጠላል፣ ጌታዬ። ይሄ የቡና ችግኝ አይደለም፣ ጥላ አይወድም» አለ መካኒኩ።

«ጌታዬ ቀርቷል፣ ጓድ በል። የኛ አገር ፀሐይ ደግሞ ቀዳዳ አያጣም። በይደው!»

በየደው። ለምን እንደተፈለገ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ የመንግሥት መኪና ከገጠር ባዶዋን አትመለስም።

በሁለተኛው ጉዟችን አለቃችን ሺንሺቾ ላይ ለቤቱ ቆጮ ገዛ። በኮባ የተጠቀለለው ቆጮ ጣሪያው ላይ ተደርድሮ መስታወቶቹን ሙሉ በሙሉ ሸፈናቸው። በማግስቱ ፍሪጁ መሞቅ ጀመረ።

«ጓድ ኃላፊ፣ ቆጮው ይውረድ። መድኃኒቱ ሊበላሽ ነው።»

«የት ላድርገው? ባለፈው ውስጥ ሲገባ ሸተተኝ ብለሽ ያስወጣሽው አንቺ አይደለሽም?»

እውነት ነው፣ ብዬ ነበር። ቆጮው እዚያው ጣሪያ ላይ ቀረ።

ሾኔ ስንደርስ የገበያ ቀን ነበር። እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ከጠዋት ጀምሮ ተሰልፈዋል። ቴርሞሜትሩን አየሁት፤ የኩፍኝ ክትባቱ ሊቋቋመው ከሚችለው ሙቀት በጣም አልፏል። ሰዎቹ ወደ ቤታቸው ይመለሱ አልኩት። ጆሮዬ አጠገብ ጎንበስ ብሎ፣

«ይከተባሉ ብዬ ለአውራጃ አሳውቄያለሁ። ከመለስሻቸው አሻጥር ነው የሚባለው። የኔ እንዳይመስልሽ፣ ያንቺ አሻጥር» አለኝ።

ወንድሜ በዚሁ ቃል ታስሮ ነበር፤ እሱም ያውቃል።

ወጋሁ። በያንዳንዱ ካርድ ላይ ቀኑን ጽፌ ፈረምኩ። እሱ የፈረመበት አንድም ወረቀት የለም።

በክረምቱ ሾኔ ዙሪያ ኩፍኝ ገባ። ተመልሰን ስንሄድ አንዲት እናት ብቻዋን ወደ መኪናው መጣች። አማርኛው እየቸገራት፣ «ካርድ አለ። ልጅ የለም» አለችኝና ካርዱን ሰጠችኝ።

አለቃዬ ከጋቢናው አልወረደም። መስኮቱ ክፍት ነበር፣ ይሰማል። ወደ እሱ ዞርኩ፤ ጋዜጣውን ገለጠ። በዚያች ደቂቃ እውነቱን ልነግራት እችል ነበር።

«ክትባት አንዳንድ ልጅ ላይ አይዝም» አልኳት። «ያንቺም ልጅ አልያዘለት ይሆናል።»

አመሰገነችኝ። ከዚያ ካርዱን እንድመልስላት እጇን ዘረጋች።