ፈትሂያ ያላየችው የዋሻው መጨረሻ

ኮምቦልቻ፣ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ አብረዋት የሚሠሩት ሴቶች ፈትሂያን ቁጡ ናት ይሏታል። ሐሰት አይደለም። በሠራችው ሥራ ሌላ ሰው ሲመሰገን ካየች አለቃ ይሁን ጓደኛ አትምርም። ይህ ቁጣ ከየት እንደመጣ ኮምቦልቻ ላይ የሚያውቀው ባሏ በሽር ብቻ ነው። እሱም ሰው ይስቅባታል ብሎ ለማንም አያወራም፤ ነገሩ የቴሌቪዥን ጨዋታ ነውና።

በ1989 ዓ.ም. ጅዳ የምትሠራ አክስታቸው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ለሚኖሩት ለእነ ፈትሂያ ቲቪ ጌም ላከችላቸው። ተላከ የተባለው ለታላቅ ወንድሟ ለሀፊዝ ነው። እሱ አሥራ ሦስት፣ እሷ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነበር። ከካሴቶቹ በአንደኛው ላይ ኮፍያ ያጠለቀ መንገደኛ የደረቀ ምንጭ ፍለጋ ከዋሻ ዋሻ ይንከራተታል። ስሙ በማያውቁት ፊደል ስለተጻፈ እነሱ «ዋሻው» አሉት። ሀፊዝ ሁለት ቀን ሞከረና ሦስተኛው ዋሻ ላይ እባብ እየነደፈ ሲመልሰው ሰለቸው፤ ወደ መኪና እሽቅድምድሙ ዞረ። የፈትሂያ ልብ ግን እዚያው ቀረ።

ጨዋታው የደረሱበትን አያስቀምጥም። መብራት ከጠፋ፣ ደሴ ላይ ደግሞ መጥፋቱ አይቀርም፣ እንደገና ከአንድ ነው። እሷ አልታከተችም። የትኛው ድንጋይ ሲረገጥ እንደሚናድ፣ የትኛው በር ወደ ኋላ እንደሚመልስ በሳይንስ ደብተሯ ጀርባ ካርታ ሠራችለት። ልብስ ስታጥብ የጨዋታውን ዜማ ታንጎራጉራለች።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰባተኛው፣ የመጨረሻው ዋሻ ደረሰች። ወሬው ተሰምቶ የሀፊዝ ጓደኞች ሳሎኑን ሞሉት። ምንጩን የዘጋው ቋጥኝ ከሩቅ መታየት ሲጀምር አባቷ ጀማሉዲን ከመስጊድ ገቡ።

«ፈትሂያ፣ ወንዶች መሀል ምን ታደርጊያለሽ? ተነሽ፣ ለልጆቹ ሻይ አፍይ።»

«አባ፣ ትንሽ ነው የቀረኝ።»

«ተነሽ አልሁ።»

ወደ ሀፊዝ ዞረች። «እሷ ናት እዚህ ያደረሰችው» ቢል አባቱ ይሰሙት ነበር። እሱ ግን ጆይስቲኩን ከእጇ ወሰደ። ከሰል እያቀጣጠለች ሳለ ሳሎኑ በጩኸት ተናጋ። ሻዩን ይዛ ስትመለስ ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል፤ ሀፊዝ ጓደኞቹ ትከሻ ላይ ወጥቷል።

«ጨረሰው» አላት ጋሹ፣ የጎረቤት ልጅ።

«መጨረሻው ላይ ምን አለ?»

ልጆቹ ሀፊዝን እንደተሸከሙ እየጮሁ ወደ ደጅ ወጡ። ሳምንት ሳይሞላ ሀፊዝ ካሴቱን በኳስ ጫማ ለወጠው።

ፈትሂያ አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ኮምቦልቻ ሥራ ያዘች፣ በሽርን አገባች፣ ከሪማን ወለደች። ካሴቱን መፈለግ ግን አልተወችም። የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ባየች ቁጥር ገብታ ስለ ባለኮፍያው መንገደኛ ትጠይቃለች። ባለሱቆቹ ለልጇ ይመስላቸዋል፤ እሷም አታርማቸውም።

በ2003 ለኢድ ደሴ ወጣች። ሀፊዝ ፒያሳ አካባቢ ፕሌይስቴሽን ቤት ከፍቶ ነበርና ለምሳ ልትጠራው ብትሄድ፣ ከደንበኞቹ መሀል ቆሞ ዋሻውን ብቻውን እንዴት እንደጨረሰ ሲተርክ ደረሰች።

«አራተኛው ዋሻ ስንት በር አለው?» አለችው ከደጃፉ።

ሳቀ። «ማን ያስታውሳል? እህቴ ናት፤ ያኔ ሻይ ታፈላልን ነበር።»

«አምስት ነው። ሦስቱ የውሸት ናቸው። ና፣ ውጣ።»

ፊቷን አይቶ ወጣ። መንገድ ዳር አቁማ ያንኑ የጥንት ጥያቄዋን ጠየቀችው፤ መጨረሻው ላይ ምን አለ? ሀፊዝ ጫማውን አየ።

«ወላሂ አላየሁትም። ቋጥኙ ጋ ሳልደርስ መብራት ጠፋ። ጋሹ ለቀልድ ጨረሰው ብሎ ጮኸ፣ ልጆቹም ተከተሉት። በኋላ እውነቱን መናገር አፈርሁ።»

«አሥራ አራት ዓመት» አለች ፈትሂያ። «እሱ ያየውን እኔ ሳላይ ቀረሁ እያልሁ አሥራ አራት ዓመት ስበግን ኖርሁ። ለካ ከእጄ ወስደህ ሜዳ ላይ ጥለኸዋል።»

«ጨዋታ እኮ ነው፣ ፈትሂያ።»

«ጨዋታ ከሆነ ለምን ዋሸህ?»

ቤት ተመልሳ ለአባቷ ነገረቻቸው። «አባ፣ ያን ቀን አንቱ ባያስነሱኝ ኖሮ መብራት ሳይጠፋ እጨርሰው ነበር።»

ጀማሉዲን ግንባራቸውን ቋጥረው አሰቡ። «የትኛውን ቀን ነው የምትዪው ልጄ? አላስታውስም።»

ከሀፊዝ ውሸት ይልቅ ይህ አንገበገባት። ምሳውን ሳትቀምስ ከሪማን አዝላ ሚኒባስ ተሳፈረች። ኮምቦልቻ ስትደርስ በሽር «አብሽሪ» ብሎ ሊያጽናናት ቢሞክር እሱንም ተቆጣችው።

ሁለት ኢድ ወንድሟን ሳታነጋግር አለፈ። ከዚያ አንድ እሑድ ሀፊዝ ራሱ በሯ ላይ ቆመ። አክስታቸውን አስጠይቆ፣ ጅዳ ውስጥ አስፈልጎ፣ ካሴቱን ከነማጫወቻው አስመጥቶት ነበር። ፈትሂያ ተቀብላ ሰካችው።

«ተቀመጥ» አለችው። «እንዳትነካ።»

ጣቶቿ አንድም በር አልረሱም። ሁለት ጊዜ ሞተች፤ በሦስተኛው ቋጥኙ ተሰነጠቀ። ውሃው ከሰባተኛው ዋሻ ወደ ስድስተኛው፣ ከዚያም ወደ አምስተኛው እየወረደ ሁሉንም ሞላ፤ የደረቁት ዛፎች አንድ በአንድ ለመለሙ። ከሪማ አፏን ከፍታ ቀረች። ፈትሂያን ያናደዳት ውብ መሆኑ ነው። ተራ ነገር ቢሆን ይሻላት ነበር። ይህ በአሥራ አንድ ዓመቷ ልታየው የሚገባት ነበር።

«አሁንስ አፉ አልሽኝ?» አለ ሀፊዝ ይቅርታዋን ሽቶ።

«አልበረደልኝም። ሲበርድልኝ እነግርሃለሁ።»

ሀፊዝ ከዚያ ወዲህ ፒያሳ ላይ ሲያወራ «የጨረሰችው እህቴ ናት» ይላል አሉ። ፈትሂያ ይህን ከጋሹ ብትሰማም አላመነችም። ከሥራ ነፃ በምትሆንበት ቀን ሳትነግረው ሄዳ በጆሮዋ ልታጣራ አስባለች።